ከሁለቱ ዊልያሞች የትኛው ነው? የእንግሊዝ ዘር ፍለጋ በሕዝብ ቆጠራና በደብር መዝገብ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። እህታችን የምትኖረው ሊድስ ነው፣ ባለቤቷ እንግሊዛዊ ነው፣ ሴት አያቱ ባለፈው ዓመት ዘጠና አልፏቸው አረፉ። አያቲቱ በሕይወት እያሉ «ቅድመ አያቴ ዊልያም ከኖርፎክ መጥቶ ብራድፎርድ ሱፍ ፋብሪካ ገባ» ይሉ ነበር (ኖርፎክ በምሥራቅ እንግሊዝ ነው፣ ብራድፎርድ በሰሜን፣ ሊድስ አጠገብ)። አሁን ልጆቹ ስለ አባታቸው ዘር መጠየቅ ጀመሩ፣ እሷም የ1881ን የሕዝብ ቆጠራ ከፍታ ብታይ ብራድፎርድ ውስጥ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ዊልያሞች አገኘች፣ አንዱ 42 ሌላው 44 ዓመት፣ ሁለቱም ኖርፎክ የተወለዱ፣ ሁለቱም ቤት ጆን የሚባል ልጅ አለ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ አንድ ሰው የሠራው የዘር ሐረግ የዊልያምን አባት «ሮበርት» ብሎ እስከ 1500ዎቹ ድረስ ወስዶታል። «ይሄን ልቅዳው ወይስ ራሴ ልፈልግ? ከ1837 በፊትስ፣ የመንግሥት ምዝገባ ሳይጀመር፣ እንዴት ነው የሚኬደው?» ነው ያልሽው።

እህቴ፣ አትቅጂው። እኔ እዚህ እንግሊዝ አገር ይሄን ሥራ ስሠራ አስራ አምስት ዓመት አልፎኛል፣ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፣ ስም ሲገጥም «አገኘሁት!» ብለው ይዘላሉ። እኛ አገር አንድ ሰው ከነአባቱ ከነአያቱ ሲጠራ ሦስት ስም ማለት ሦስት ትውልድ ነው፣ የሚምታታው ትንሽ ነው። እንግሊዞቹ ጋ ግን የቤተሰብ ስሙ ለሁሉም አንድ ነው፣ የፊት ስሙ ደግሞ ጆን ዊልያም ቶማስ ጆርጅ፣ ሴቶቹ ሜሪ ኤልሳቤጥ አን ሳራ፣ በቃ ከዚህ ብዙም አይርቅም። አንድ መንደር ውስጥ ሦስት ወንድማማቾች እያንዳንዳቸው የበኩር ልጃቸውን በአባታቸው ስም ዊልያም ካሉት አንድ ስም አንድ ዕድሜ አንድ መንደር ያላቸው ሦስት ልጆች ተገኙ ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ ሰውን የሚለየው ስሙ አይደለም፣ ቦታው፣ ሥራው፣ ጎረቤቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሚስቱና እናቱ ናቸው። ይሄን ከያዝሽ ሌላው ሁሉ ትዕግስት ነው።

(ከላይም ከዚህ በታችም የምጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ቆጠራውን በደንብ እንወቀው። እንግሊዝና ዌልስ ከ1801 ጀምሮ በየአስር ዓመቱ ሕዝብ ይቆጥራሉ፣ የመጀመሪያዎቹ አራቱ ግን በአብዛኛው የቁጥር ብቻ ናቸው፣ ስም የለባቸውም። የእያንዳንዱ ሰው ስም የተጻፈበት የመጀመሪያው ቆጠራ የጁን 6 ቀን 1841ዱ ነው፣ እሱም ቢሆን ጎደሎ ነው። ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜው ወደታች ወደ አምስት ብዜት እንዲጠጋጋ ታዝዞ ስለነበር የ39 ዓመት ሰው «35» ተብሎ ታገኚዋለሽ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ አይናገርም፣ የትውልድ ቦታም «እዚሁ ካውንቲ (ክፍለ ሀገር እንደማለት ነው) ተወልዷል ወይ?» ለሚለው አዎ ወይም አይ ብቻ ነው። ገጹ ላይ ስሞቹ አጠገብ ትንንሽ ሰያፍ መስመር ታያለሽ፣ አንድ መስመር ከሆነ እዚያው ቤት ውስጥ ሌላ ቤተሰብ ጀመረ ማለት ነው፣ ሁለት ከሆነ ቤቱ አለቀ። ብዙ ሰው ይሄን ስለማያይ የጎረቤትን ልጅ ከራሱ ዘር ጋር ያገናኛል።

ሥራው የሚጣፍጠው ከ1851 ጀምሮ ነው። ማርች 30 ሌሊት ማን እዚያ ቤት እንዳደረ፣ ለአባወራው ምኑ እንደሆነ፣ አግብቷል አላገባም፣ ዕድሜው በትክክል (ማለቴ እነሱ እንደተናገሩት)፣ ሥራው፣ ከዛ ደግሞ የተወለደበት ካውንቲና ደብር። ያ የመጨረሻው አምድ ነው ወርቁ። አንድ የብራድፎርድ ቤት በ1851 ምን እንደሚመስል ላሳይሽ፣ አባት 40 ዓመት ሱፍ አበጣሪ ኖርፎክ የተወለደ፣ እናት 38 ኖርፎክ፣ ልጅ 15 ኖርፎክ፣ ልጅ 13 ኖርፎክ፣ ልጅ 9 ዮርክሸር ብራድፎርድ፣ ልጅ 6 ብራድፎርድ። ልጆቹን ከላይ ወደታች ስታነቢያቸው ቤተሰቡ መቼ እንደተሰደደ ይነግሩሻል፣ በ13 ዓመቱና በ9 ዓመቱ መሃል፣ ማለትም ከ1838 እስከ 1842 ባለው ጊዜ ነው የመጡት። ማንም ደብዳቤ አልጻፈም፣ ማንም ማስታወሻ አልያዘም፣ ግን የልጆቹ የትውልድ ቦታ መንገዱን ቁጭ አድርጎታል። እኔ ይሄን አምድ ባየሁ ቁጥር አሁንም ደስ ይለኛል።

የአያቲቱ ወሬ ደግሞ ከታሪኩ ጋር ይገጥማል፣ ስለዚህ እንደ ተረት አትዪው። ዎርስቴድ የሚባለው የሱፍ ጨርቅ ስሙን ያገኘው እዚያው ኖርፎክ ካለች ዎርስቴድ ከምትባል መንደር ነው፣ ኖርዊች ከተማና ዙሪያዋ ለብዙ መቶ ዓመት የሸማኔ አገር ነበሩ። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ሥራው በእንፋሎት ማሽን ወደ ብራድፎርድ ዞረ፣ ሸማኔውም ሱፍ አበጣሪውም ሥራውን ተከትሎ ሄደ። ከ1834ቱ የድሆች ሕግ በኋላም መንግሥት ራሱ የደቡቡንና የምሥራቁን ደሃ ገበሬ ወደ ሰሜን ፋብሪካዎች እንዲሄድ ያግዝ ነበር። ከዛ በ1850ዎቹ ሱፍ ማበጠሩም በማሽን ተተካ፣ እና በ1851 «የእጅ ሱፍ አበጣሪ» የነበረ ሰው በ1861 ቀን ሠራተኛ ወይም ከሰል አመላላሽ ሆኖ ብታገኚው «ይሄ ሌላ ሰው ነው» ብለሽ አትጣይው።

አሁን ጥንቃቄ። ከ1841 እስከ 1901 ያለው ቆጠራ ዛሬ የምናየው ቤተሰቡ የሞላው ወረቀት አይደለም፣ እሱ ተጥሏል። የምናየው ቆጣሪው ከዛ ወረቀት የገለበጠውን ደብተር ነው። እንግዲህ አስቢው፣ ፊደል ያልቆጠረ የኖርፎክ ሰው በኖርፎክ ንግግር ይናገራል፣ የብራድፎርድ ቆጣሪ በዮርክሸር ጆሮው ሰምቶ ይጽፋል፣ ከመቶ ምናምን ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ያንን የእጅ ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ ያስገባል። ሦስት ቦታ ነው የሚበላሸው። አንዱ ዊልያምሽ «ኖርዊች» ሌላው «ዊንደም» የተወለደ ይላል ብለሽ ነበር፣ ዊንደም የሚባል ቦታ ኖርፎክ ካርታ ላይ ፈልገሽ አጥተሽ ይሆናል። ያቺ ከተማ ስትጻፍ በፊደሏ «ዋይሞንድሃም» ነው የምትነበበው፣ ሰዉ ግን ሲጠራት «ዊንደም» ነው የሚላት፣ ቆጣሪው የሰማውን ጻፈ። የሸማኔ ከተማ ነበረች፣ ስለዚህ እኔ ልቤ ወደዚህኛው ያደላል፣ ግን ልብ ማስረጃ አይደለም። ደግሞም «ኖርዊች» ያለውም ሰው የተወለደው አጠገቧ ያለ መንደር ሆኖ ትልቋን ከተማ ጠርቶ ሊሆን ይችላል፣ ዛሬም ሰበታ የተወለደ ሰው ውጭ አገር ሲጠየቅ አዲስ አበባ እንደሚለው ማለት ነው።

ሌላ የሚያሳስት ነገር፣ የዝምድና ቃላቱ። በዛ ዘመን «ሰን ኢን ሎው» የተባለ ልጅ የግድ አማች አይደለም፣ ብዙ ጊዜ የእንጀራ ልጅ ነው። «ስኮላር» ማለት ሊቅ ሳይሆን ተማሪ ልጅ ነው። «አግ ላብ» የምትለው አጭር ጽሑፍ የእርሻ ቀን ሠራተኛ ናት፣ ኖርፎክ ገጹን ሙሉ እሷን ነው የምታዪው። «ሎጀር» ደባል ነው።

ሁለቱን ዊልያሞች ለመለየት ከ1881 አትጀምሪ። ከአያቲቱ ጀምሪ። ሁሌም ከምታውቂው ወደማታውቂው፣ አንድ እርምጃ በአንድ ወረቀት። እሳቸው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከተወለዱ የ1939 መዝገብ አለልሽ፣ ሴፕቴምበር 29 ቀን 1939 ጦርነቱ እንደተጀመረ የተሠራ ነው፣ የተወለዱበትን ቀንና ወር ሳይቀር ይሰጣል፣ ከመቶ ዓመት በታች ያለ ሰው መስመሩ ይሸፈናል እንጂ ወላጆቹ ይታያሉ። የ1931 ቆጠራ በ1942 እሳት በላው፣ የ1941ዱ በጦርነቱ ምክንያት አልተደረገም፣ ስለዚህ ያ መዝገብ በ1921ና በ1951 መሃል ያለ ብቸኛ ድልድይ ነው፣ 1951ዱ ደግሞ ቆጠራ መቶ ዓመት ሳይሞላው አይከፈትም በሚለው ሕግ እስከ 2052 ዝግ ነው። ከዛ የአባታቸውን 1921 ታያለሽ (ጁን 19 ነው የተቆጠረው፣ በአድማ ስጋት ከኤፕሪል ተላልፎ)፣ ከዛ 1911። 1911ዱን በተለይ ቀስ ብለሽ እይው፣ ቤተሰቡ በገዛ እጁ የሞላው ወረቀት ራሱ ተርፏል፣ የአባወራውን የእጅ ጽሑፍ ነው የምታዪው። ያገባች ሴት ስንት ዓመት በትዳር እንደቆየች፣ ስንት ልጅ በሕይወት እንደወለደች፣ ስንቱ እንዳለ ስንቱ እንደሞተ ይጠይቃል። «የተወለዱ 9፣ ያሉ 5፣ የሞቱ 4» የሚል መስመር አንድ ቀን ታገኚያለሽ፣ ያኔ የአራቱን ስም ለመፈለግ እንቅልፍ ታጪያለሽ።

ጆን ጋ ስትደርሺ (የአያቲቱ አያት ማለት ነው፣ በ1872 ገደማ የተወለደው) ቆጠራውን ለጊዜው ተይው። እንግሊዝና ዌልስ ከጁላይ 1 ቀን 1837 ጀምሮ መንግሥት ልደት ጋብቻና ሞት ይመዘግባል። ጂአርኦ የሚባለው ዋናው የምዝገባ መሥሪያ ቤት በድረገጹ ላይ የልደት ማውጫ አለው፣ አካውንት ከፍቶ መፈለግ ነጻ ነው፣ የሚከፈለው ሰርተፍኬቱ ሲታዘዝ ነው። ትልቁ ነገር ምን መሰለሽ፣ ይሄ አዲሱ ማውጫ የእናትየዋን የአባቷን ቤት ስም ከ1837 ጀምሮ ይሰጣል፣ አሮጌው ማውጫ ግን የሚሰጠው ከ1911 አጋማሽ ገደማ ጀምሮ ብቻ ነበር። እና ብራድፎርድ ዲስትሪክት ውስጥ ከ1871 እስከ 1873 የተወለዱ ያንን የቤተሰብ ስም የያዙ ጆኖችን ሁሉ አውጫቸው፣ ሁለቱ ጆኖች ሁለት የተለያየ የእናት ስም ይኖራቸዋል። ሁለቱን ዊልያሞች የሚለዩልሽ ሚስቶቻቸው ናቸው ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የጆን ጋብቻ። ከ1837 ወዲህ የእንግሊዝ የጋብቻ መዝገብ የሙሽራውንም የሙሽሪትንም አባት ስምና ሥራ ይጽፋል (የእናቶች ስም የተጨመረው በሜይ 2021 ነው፣ ያሳዝናል)። ጆን ሲያገባ «አባት ዊልያም፣ ሱፍ አበጣሪ» ካለና ከሁለቱ የ1881 ዊልያሞች አንዱ ሱፍ ፋብሪካ ሌላው ባቡር ጣቢያ የሚሠራ ከሆነ ነገሩ ወደ መለየቱ ነው። አንድ ገንዘብ የሚያተርፍ ምክር፣ ጋብቻው ቤተክርስቲያን ከሆነ የደብሩ መዝገብና የመንግሥቱ ሰርተፍኬት አንድ ዓይነት ነው የሚሉት፣ የደብሩን ምስል ካገኘሽ ሰርተፍኬት አትግዢ። የዌስት ዮርክሸር ደብሮች መዝገብ በአብዛኛው አንሰስትሪ በሚባለው የዘር ፍለጋ ድረገጽ ላይ በምስል አለ፣ አንሰስትሪ ደግሞ ክፍያ ቢኖረውም ብዙ የእንግሊዝ የሕዝብ ላይብረሪ ውስጥ ቁጭ ብለሽ በነጻ ትጠቀሚያለሽ፣ ያንቺን ላይብረሪ ጠይቂ።

እንዲሁ የዊልያምን የራሱን ጋብቻ ስታገኚ (በ1860ዎቹ ይሆናል) የአባቱን ስም ትሰጥሻለች። ያቺ አንዲት መስመር ናት የዛን ሰውዬ የኢንተርኔት ዛፍ የምትፈትነው። «አባት ጄምስ፣ ሸማኔ» ካለች ሮበርትና እስከ 1500ዎቹ ያለው ሐረጉ በሙሉ ያንቺ ቤት አይደለም። «ሮበርት» ካለችም ገና ነው፣ የትኛው ሮበርት የሚለው ይቀራል። ዕድሜ የሚለው አምድ ላይ «ኦፍ ፉል ኤጅ» የሚል ካየሽ 21 እና ከዛ በላይ ነው ማለት ብቻ ነው፣ ዕድሜ አይደለም። ፊርማ ቦታ ላይ መስቀል ምልክት ካለች ደግሞ መጻፍ የማይችል ሰው ነው፣ ምስክሮቹን እያቸው፣ ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም እህት ናቸው።

አሁን ወደ 1837 ድንበር መጣን። ዊልያም የተወለደው ከ1836 እስከ 1839 ባለው ጊዜ ስለሆነ ድንበሩ ላይ ነው የቆመው። የመንግሥት ምዝገባው በመጀመሪያዎቹ አስርት ዓመታት ብዙ ልጅ ያመልጠው ነበር፣ ወላጅ ሳያስመዘግብ ቢቀር መቀጣት የጀመረው ከ1875 ወዲህ ነው። ስለዚህ ማውጫው ላይ ባይኖር አትደንግጪ፣ የዋይሞንድሃምን የክርስትና መዝገብ ክፈቺ።

የደብር መዝገብ ማለት ይሄ ነው፣ በ1538 የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም የነበረው ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ ደብር ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር በመጽሐፍ እንዲጽፍ አዘዘ። የመጀመሪያዎቹ ወረቀት ስለነበሩ በ1598 ወደ ብራና እንዲገለበጡ ታዘዘ፣ በተለይ ንግሥት ኤልሳቤጥ ከነገሠችበት ከ1558 ጀምሮ ያለው፣ ለዚህ ነው ብዙ ደብር ላይ መዝገቡ 1538 ሳይሆን 1558 የሚጀምረው። በዛው ዓመት ደግሞ ቄሱ በየዓመቱ ቅጂ ለጳጳሱ እንዲልክ ተደረገ፣ ይሄ የጳጳስ ቅጂ ዛሬ ሕይወት ነው፣ የደብሩ መጽሐፍ ውሃ በልቶት ወይ አይጥ በልቶት ከሆነ ሌላኛው አለ፣ ሁለቱም ካሉ ደግሞ አንዱ የዘለለውን ሌላው ይዞታል። እኛ ሰባት ቤት በቃል ቆጥረን ነው ዘር የምንለየው፣ እነሱ ሰባት ቤታቸውን ብራና ላይ ትተውታል፣ ብቻ ብራናው የሚናገረው በትክክል ለጠየቀው ሰው ነው።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 1813 ወዲህ ያለው ክርስትና በታተመ ቅጽ ነው። አንዱን መስመር እንደማነበው ላንብብልሽ፣ መጀመሪያ ክርስትና የተነሳበት ቀን፣ የልጁ ስም፣ ከዛ የአባትና የእናት የፊት ስም፣ ቀጥሎ የቤተሰብ ስም፣ መኖሪያ፣ የአባት ሥራ፣ መጨረሻ ላይ የቄሱ ስም። ልብ በይ፣ የተወለደበት ቀን በቅጹ የለም፣ ቄሱ በራሱ ፈቃድ ጥጉ ላይ ካልጻፈው በቀር። እኛ ጋ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሱ ከክርስትናው ቀን ተነስተሽ ልደቱን ትገምቺያለሽ፣ እዚህ ግን እንደዛ አይሠራም፣ አንዳንዱ በሳምንቱ፣ አንዳንዱ አምስት ልጅ አንድ ላይ ሰብስቦ አንድ እሁድ ነው የሚያስጠምቀው። የእናትየዋ የአባቷ ቤት ስምም በዚህ ቅጽ የለም፣ ስለዚህ «ጄምስና ሜሪ» የሚል አባትና እናት አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ጥንድ ሊኖር ይችላል፣ የሚለያቸው የአባት ሥራና መኖሪያው ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገርሽ ምክንያቱም ዋጋ አስከፍሎኛል። ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ ቤተሰብ ስፈልግ ልክ እንዳንቺ ዓይነት ዊልያም አገኘሁ፣ ስሙ ገጠመ፣ ዓመቱ ገጠመ፣ ደብሩ ገጠመ፣ የክርስትናውን መስመር ይዤ ወደ ኋላ ስምንት ወር ሙሉ ሠራሁ፣ አምስት ትውልድ ሄድኩ። አንድ ቀን ሌላ ነገር ፍለጋ የዛኑ ደብር የቀብር መጽሐፍ ሳገላብጥ ያው ስም፣ ያው መንደር፣ «ዕድሜ 2» ይላል። የኔ ዊልያም በሁለት ዓመቱ ሞቶ ነበር። ወላጆቹ ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ወንድ ወልደው እሱንም ዊልያም አሉት፣ ሰዎቹ የሞተውን ልጅ ስም ለሚቀጥለው መስጠት የተለመደ ነው፣ የምፈልገው ሰውዬ ግን ከሁለቱም አልነበረም፣ ከጎረቤት ደብር የመጣ የአጎቱ ልጅ ነበር። ለቤተሰቡ ደውዬ ስነግራቸው እናትየው ዝም አሉ፣ የዘር ሐረጋቸውን ከዛ ልጅ ስም ጋር ፍሬም አድርገው ግድግዳ ላይ ሰቅለውት ነበር። ከዛ ቀን ጀምሮ ክርስትና ካገኘሁ በኋላ ሳላርፍ ቀብሩን ነው የማየው፣ ቢያንስ አስራ አምስት ዓመት ወደፊት። አንቺም እንደዛ አድርጊ፣ ለሁለቱም ዊልያሞች። ከ1813 ወዲህ የቀብር መዝገብ ዕድሜና መኖሪያ ስለሚጽፍ መለየቱ ቀላል ነው።

ከ1813 በፊት መንገዱ ይጠባል። ከማርች 25 ቀን 1754 ወዲህ ሃርድዊክ በሚባለው ሕግ ጋብቻ ኩዌከር ከሚባሉት የክርስትና ወገኖችና ከአይሁዶች በቀር የግድ በእንግሊዝ ቤተክርስቲያን ሆነ፣ በታተመ ቅጽ፣ ከነፊርማውና ከነምስክሩ። ከጋብቻው በፊት ሦስት እሁድ በሁለቱም ደብር ስማቸው ይጠራል፣ ባንስ ይሉታል፣ የባንስ መጽሐፍ ሙሽራው ከየት ደብር እንደመጣ ስለሚናገር ሰው ከመንደሩ የጠፋበትን ቦታ ለማግኘት ከሱ የተሻለ የለም። ከ1754 በፊት ያለው ጋብቻ ግን ብዙ ጊዜ ቀኑና ሁለት ስም ብቻ ነው፣ እስከ 1733 ድረስ ደግሞ በላቲን ሊሆን ይችላል። ከ1642 እስከ 1660 ባለው የእርስ በርስ ጦርነትና ያለ ንጉሥ ዘመን ብዙ መዝገብ ባዶ ነው፣ እዚያ ጋ የተቋረጠ ዘር ብዙ ነው፣ የዛ ሰውዬ ዛፍ እንዴት ያለምንም ችግር እንደተሻገረው ሳየው ነው መጀመሪያ የጠረጠርኩት።

የዊልያም ሚስት የዮርክሸር ልጅ ከሆነች ዕድለኞች ናችሁ። ዊልያም ዴድ የሚባል የዮርክሸር ቄስ ያስጀመረው አጻጻፍ ነበር፣ ከ1770ዎቹ እስከ 1812 ድረስ በዮርክ ሀገረ ስብከት በተቀበሉት ደብሮች ውስጥ የሕፃኑን ክርስትና ሲጽፉ የአያቶቹን ስም፣ ሥራና መንደር ጭምር ነው የሚጽፉት። አንድ መስመር ላይ ሦስት ትውልድ! ሁሉም ቄስ አልተቀበለውም፣ ሥራ በዛብን ያሉ አሉ፣ ግን የሚስቱ ወላጆች ደብር ተቀብሎ ከሆነ በአንድ ቀን የምታገኚው ሌላ ቦታ ዓመት የሚፈጅ ነው።

ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ነገር፣ ይሄ ለኛ ሰው አይከብድም፣ ሰባትና ስምንት ዓመት እየቀነስን እየደመርን ነው ያደግነው። እንግሊዝ እስከ 1751 ድረስ አዲስ ዓመት የሚገባው ጃንዋሪ 1 ሳይሆን ማርች 25፣ በብሥራት ቀን ነበር። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ሰዎቹ በሜይ 1721 ተጋብተው ልጃቸው በፌብሯሪ 1721 ክርስትና ተነሳ ካለ ልጁ ከጋብቻ በፊት አልተወለደም፣ ያ ፌብሯሪ በኛ አነጋገር 1722 ነው፣ ከጋብቻው ዘጠኝ ወር በኋላ። ስንቱ ሰው ይሄን ሳያውቅ የቅድመ አያቶቹን ስም አጥፍቷል። በ1752 ደግሞ ከሴፕቴምበር 2 ቀጥሎ ያለው ቀን 14 ነው፣ አስራ አንድ ቀን ተዘለለ፣ መዝገቡ ላይ የዛን ቀናት ክርስትና ብትፈልጊ የለም።

ደብሩ መዝገብ ውስጥ ጭራሽ ካጣሻቸው ሁለት ነገር አስቢ። አንደኛ ከእንግሊዝ ቤተክርስቲያን ውጭ የሆኑ፣ ባፕቲስት ወይ ሜቶዲስት ወይ ኩዌከር ሊሆኑ ይችላሉ፣ የነዚህ የጸሎት ቤቶች መዝገብ ከ1837 በኋላ ተሰብስቦ ዛሬ ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው፣ የሸማኔ ሰፈር ደግሞ የነዚህ ሰዎች ሰፈር ነበር። ሁለተኛ ድህነት። ከ1662 ጀምሮ ደሃ ሰው የሚረዳው «የራሱ» ደብር ብቻ ስለነበር ሰው እርዳታ ሲጠይቅ ሁለት ዳኛ ፊት ቀርቦ የት ተወለድክ፣ የት አንድ ዓመት ሙሉ ተቀጥረህ ሠራህ፣ መቼ አገባህ፣ ልጆችህ ስንት ናቸው ተብሎ ይጠየቃል፣ የተናገረው ይጻፋል። የድሆች ሰዎች ሕይወታቸው በገዛ አንደበታቸው የተጻፈበት ቦታ ይሄ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ኖርዊች ያለው የኖርፎክ ቤተ መዛግብት ጻፊላቸው፣ የዋይሞንድሃም የድሆች ወረቀት ምን ያህል እንደተረፈ ይነግሩሻል። የኖርፎክ ደብር መዝገብ ምስል ደግሞ ብዙው ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ፍለጋ ድረገጽ ላይ በነጻ አለ፣ በስም ብቻ አትፈልጊ፣ ገጽ በገጽ አገላብጪ።

አስር ዓመት ረጅም ነው፣ በሁለት ቆጠራ መሃል መጥቶ የሚሄድ ሰው አለ፣ ይሄን አትርሺ። የአጼ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1868 እንግሊዝ ገባ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1879 እዚያው አንቺ ያለሽበት ሊድስ፣ ሄዲንግሊ ውስጥ በ18 ዓመቱ አረፈ። የ1881ን የሊድስ ቆጠራ ብቻ የሚያገላብጥ ሰው እንዲህ ያለ ልጅ እዚያ ሰፈር እንደነበረ አያውቅም። በ1871 እና በ1881 መሃል ተወልደው የሞቱ የዊልያም ልጆችም እንደዛው ናቸው፣ ቆጠራ ላይ የሉም፣ በጂአርኦ ማውጫና በቀብር መዝገብ ግን አሉ፣ ለልጆችሽ ስትነግሪ እነሱንም ጥሪያቸው።

ለጊዜው ሥራሽ ሦስት ነው። የሁለቱን ጆኖች የእናት ስም ከጂአርኦ አውጪ፣ የጆንን ጋብቻ ፈልጊ፣ ከዛ ሁለቱንም ዊልያሞች በ1851 አግኚያቸው፣ የ12 እና የ14 ዓመት ልጅ ሆነው ከነወላጆቻቸው ይሆናሉ። ገጹን ስታገኚ የነሱን መስመር ብቻ ቆርጠሽ አትላኪልኝ፣ ሙሉ ገጹን ከላይ ካለው የደብር ስም ጋር፣ ከተቻለም የፊቱንና የኋላውን ገጽ ስክሪንሾት አድርጊ። ከኖርፎክ የመጣ ሰው ብቻውን አይኖርም፣ ሁለት ቤት አልፎ አጎቱ ወይም የሚስቱ ወንድም አለ፣ እነሱን ነው ማየት የምፈልገው።